ለባልዱርስ ጌት ጀማሪ የምትሆን አንዲት ወረቀት

ሐምሌ መባቻ

ሥራው ይህ ነው። ባልዱርስ ጌት የሚባለውን የድሮ የኮምፒውተር ጌም ለሚጀምር ሰው አንዲት ወረቀት ማዘጋጀት። ፊትና ጀርባ፣ በአማርኛ፣ በእጅ የተጻፈች። ከዚያ ካለፈች ማንም አያነባትም። ስለዚህ ጌም በፈረንጅ አፍ የተጻፈው ምክር ሞልቷል። ችግሩ መብዛቱ ነው። ገና ከበር ያልወጣን ሰው ስለ ሰባተኛው ምዕራፍ ይነግሩታል። ደግሞም የሚነበበው ኔትወርክ ባለ ቀን ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጌሙን የሠራው ባዮዌር የሚባል የካናዳ ኩባንያ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1998 ወጣ፤ ያኔ የሚሸጠው በአምስት ሲዲ ነበር። እስከ ስድስት ሰው የሚደርስ ቡድን ይዘህ አገር ታዞራለህ፣ ታወራለህ፣ ትዋጋለህ። ሕጉ የመጣው በወረቀትና በዳይስ ከሚጫወቱት ከደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፤ ከሁለተኛው እትም። እኔ ጋ ያለው በ2012 ታድሶ የወጣው ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር ይሄዳል። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ለእኛ ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሞካሪዎቼ ሁለት ናቸው። አንዱ የእህቴ ልጅ ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ ከአዴት መጥቶ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ እኛ ጋ ይከርማል። ከኳስ ጌም ሌላ አያውቅም። ሁለተኛዋ ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የምትኖር የነርስነት ተማሪ ናት። ማንበብ አይሰለቻትም። ጌም ግን ስልኳ ላይ ከረሜላ ከመደርደር ውጪ ነክታ አታውቅም።

አሠራሬ እንዲህ ነው። እነሱ ሲጫወቱ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ቡናዬን እጠጣለሁ። አልናገርም። ሁለቱም የተቸገሩበት ነገር ወረቀቷ ላይ ይገባል። አንዳቸው ብቻ የተቸገሩበት አይገባም። ቦታ የለማ።

በዚያው ሳምንት፣ ማታ

ልጁ ለዋናው ሰውዬ ፋይተር፣ ማለትም በመሣሪያ የሚዋጋ ተዋጊ፣ መረጠ፤ ይህን ጠብቄዋለሁ። ጌሙ የሚጀምረው ካንድልኪፕ በሚባል በግንብ የታጠረ የመጻሕፍት ቦታ ነው። ዋናው ሰውህ ያደገው እዚያ ነው። ውስጡ ትንንሽ ሥራዎች አሉ፤ መጋዘን ውስጥ ያሉ አይጦችን መግደል፣ የዘበኛን ሰይፍ ከሳጥኑ አምጥቶ መስጠት፣ የመሳሰለው። ብዙ ጀማሪ ይህን ሁሉ ዘልሎ በሩን ፍለጋ ይሮጣል።

ልጁ ግን አልሮጠም። አንዲት የታመመች ላም አገኘ። ስሟ ኔሳ ነው። የአዴት ልጅ ላም ታማ አይቶ እንዴት ያልፋል? መድኃኒቱን ፍለጋ ቤት ለቤት ዞረ። መድኃኒቱ ያው የሰይፉ ባለቤት ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ሰይፉንም አብሮ አገኘ፣ አይጦቹንም በመንገዱ ጨረሰ። ሳያስበው ጥሩ ጀመረ ማለት ነው። እነዚህ ሥራዎች ትንሽ ገንዘብና ትንሽ ልምድ ይሰጣሉ። እዚያ ግቢ ውስጥ ሊገድሉህ ተደብቀው የሚጠብቁ ሁለት ሰዎችም አሉ፤ ደካሞች ስለሆኑ እነሱም ለመለማመጃ ይሆናሉ።

ከግንቡ እንደወጣ አሳዳጊው ተገደለ፤ ይህ ታሪኩ ነው፣ ማስቀረት አይቻልም። ጠዋት ኢሞየን የምትባለው የልጅነት ጓደኛው ተከትላው መጣች። ጥቂት እንደሄዱ ተኩላ አገኛቸው። ልጁ ተኩላውን ጠቅ አድርጎ ጠበቀ። ሰውየው ሰይፉን ያወዛውዛል፣ አይመታም። እንደገና ጠቅ። ያወዛውዛል፣ አይመታም።

«ጋሼ፣ ማውሱ ተበላሽቷል እንዴ?»

ዝም አልኩ። ተኩላው በላው። ኢሞየን በሕይወት ቆማ እያለች ስክሪኑ ተዘጋ። ዋናው ሰውህ ከሞተ ጌሙ ያበቃል፤ ሌሎቹ ቢተርፉም አይረባህም። ይህ መስመር ሳልጠብቅ ገባ።

ማግስቱን

የማውሱ ጉዳይ መልስ ይፈልጋል። ጌሙ ከስክሪኑ ጀርባ ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ይጥላል። ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንዱ የአንተ የመምታት ቁጥር ነው፤ አንደኛ ሌቭል ላይ፣ ማለትም በመጀመሪያው ደረጃ፣ ለሁሉም 20 ገደማ ነው። ሌላው የጠላት የጋሻ ቁጥር ነው። ከመምታት ቁጥርህ ላይ የእሱን ጋሻ ቀንስ፤ ዳይሱ የቀረውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ካመጣ አንተ መታኸው። ጠላትህ ጋሻው 7 ቢሆን 13 እና ከዚያ በላይ ያስፈልግሃል። ከሃያው ፊት ስምንቱ ብቻ ናቸው የሚሠሩልህ። ከአሥር ስድስቱን ትስታለህ ማለት ነው። ማውሱ ምንም አልሆነም።

ሁለቱም ቁጥሮች ሲያንሱ ነው የሚሻሉት። እዚህ ላይ ሁለቱም ሞካሪዎቼ ተያዙ። ልጁ ሱቅ ገብቶ የቆዳ ልብስና የሰንሰለት ጥሩር አወዳደረ። ቆዳው 8 ይላል፣ ጥሩሩ 5። «ስምንቱ ይሻላል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው» ብሎ ቆዳውን ገዛ። ተማሪዋ ደግሞ ከሰዎቿ አንዱን ጋሻ ስታስይዘው ቁጥሩ ሲወርድ አይታ ደነገጠችና መልሳ አወለቀችው። ራቁትህን ስትሆን 10 ነህ፣ ጥሩር 5 ያደርግሃል፣ ከብረት ሰሌዳ የተሠራ ልብስ 3 ያደርግሃል። ወረቀቷ ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ የጋሻ ቁጥር ሲያንስ ነው የሚሻለው። ስሌቱን አልጻፍኩም። እሱን ለጠየቀኝ በቃል እነግረዋለሁ።

የራስ ቁርን ግን በጎን ጨመርኩ። ቁጥርህን ባይለውጠውም ያን እጥፍ ጉዳት የሚያደርሰውን ምት ያስቀርልሃል። አንደኛ ሌቭል ላይ አንዲት እንዲህ ያለች ምት ሬሳ ናት።

ቅዳሜ፣ ዝናብ

የተማሪዋ ተራ። ሜጅ፣ ማለትም አስማተኛ፣ መረጠች። ስድስት የሕይወት ነጥብ አላት፤ ያውም አካላዊ ጥንካሬዋን 16 ስላደረገች ነው እንጂ አራት ብቻ ይሆን ነበር። ልጁ የእሱን 14 አሳይቷት ሳቀ። ቆይ፣ እናያለን።

ሜጅ ላይ ጌሙ የማይነግርህ አንድ ነገር አለ። አስማት መጽሐፍህ ውስጥ መኖሩ ብቻ አይበቃም። በየቀኑ መጽሐፉን ከፍተህ የምትፈልገውን መርጠህ ስምንት ሰዓት መተኛት አለብህ። ከተጠቀምክበት በኋላ እንደገና መርጠህ እንደገና ትተኛለህ። ተማሪዋ ስሊፕ የሚባለውን የማስተኛት አስማት መርጣ መጽሐፏ ውስጥ አስገባች። ደስ ብሏት ወጣች። ጠላት መጣ። የአስማቱን ቁልፍ ስትጫነው ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ ምነው አይነግሩኝም?» አለችኝ። ፊቷ ላይ ንዴት አየሁ። ቢሆንም ዝም።

በኋላ መጽሐፉን ገጽ በገጽ ስታገላብጠው ራሷ አገኘችው። ተኝታ ተነሳች። ከዚያ የሆነውን ልጁም ቆሞ አየ። አንድ መንጋ ጊበርሊንግ መጣ፤ ጊበርሊንግ ማለት ጸጉራም፣ አጭር፣ በብዛት የሚሄድ ፍጡር ነው። ስሊፕን ጣለችባቸው። ሁሉም ተዘረሩ። የተኛን ጠላት ማንም አይስትም፤ ዳይሱ አይቆጠርም። ኢሞየን አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። ያ የ14 ነጥብ ፋይተር ብቻውን ቢሆን ይህን መንጋ አይችለውም ነበር። ልጁ ሳቁን አቆመ።

ስሊፕ ጉልበቱ መጀመሪያው ላይ ነው። ጠንካራ ጠላት ሲመጣ አይሠራም፤ አጽምና የመሳሰለውን ሙት ፍጡርማ ጭራሽ አያስተኛም። ግን የጀማሪው መከራ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው። አንድ አስማት ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን ነው። ወረቀቷ ላይ «ስሊፕ፤ ምረጥ፣ ተኛ፣ ከዚያ ውጣ» የሚለው ገባ። ልጁ ሜጅ አይደለም ብላችሁ አሠራሬን እንዳታነሱብኝ፤ እሱም በኋላ ሜጅ ቡድኑ ውስጥ አስገብቶ ያንኑ ባዶ ቁልፍ ሲጫን ነበር።

ሰኞ

መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ያረጀ ነው፤ ልጁ ውጊያ መሀል ላይ እያለ ድርግም። ጌሙ ከአካባቢ ወደ አካባቢ ስትሻገር በራሱ ሴቭ ያደርጋል። መሀል ላይ ግን አንተ ነህ የምታደርገው፤ የኪው ቁልፍ ነች። ከእያንዳንዱ ውጊያ በፊት፣ ከማታውቀው በር በፊት፣ ሰው ሊያናግርህ ሲመጣ። ይህ እንኳን ለባሕር ዳር ለኒው ዮርክም ያስፈልጋል። ለእኛ ደግሞ እጥፍ ያስፈልጋል።

የስፔስ ቁልፍም እዚሁ መስመር ላይ ገባች። ጌሙን ቀጥ ታደርጋለች። ቆሞ እያለ ለስድስቱም ሰው የየራሱን ትእዛዝ ሰጥተህ ትለቀዋለህ። ልጁ ከኳስ ጌም የመጣ ስለሆነ ማቆም የሽንፈት ይመስለዋል። ተማሪዋ ደግሞ መቆም እንዳለ አታውቅም። ሴቲንጉ ውስጥ ጠላት ሲታይ ራሱ እንዲቆም የሚያደርግ አማራጭ አለ። ለሁለቱም ከፈትኩላቸው። ዝምታዬን የሰበርኩት እዚህ ላይ ብቻ ነው። ያለዚህ መጫወት በጨለማ አስፋልት መሻገር ስለሆነብኝ።

ሐምሌ አጋማሽ፣ የእንግዳ ማረፊያው ደረጃ

ይህን ረዘም አድርጌ ልጽፈው ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ጌሙን የሚተወው እዚህ ነው።

አሳዳጊህ ከመሞቱ በፊት ፍሬንድሊ አርም ወደሚባል እንግዳ ማረፊያ ሂድ፣ ኻሊድና ጃሂራ የሚባሉ ባልና ሚስት ይጠብቁሃል ይልሃል። ሂድ የተባልክበት ቦታ ስለሆነ ሰላም ይመስልሃል። በግንብ የታጠረ ነው፣ ዘበኛ አለው፣ ቤተ መቅደስም አለው። ግቢውን አቋርጠህ ወደ ማረፊያው ደረጃ ስትጠጋ አንድ ሰውዬ በትሕትና ሰላም ይልሃል። ማንነትህን ይጠይቃል። ከዚያ ይገድልሃል።

ታርኔሽ ይባላል፤ አንተን ለሚገድል የተቆረጠውን ገንዘብ ሊበላ የመጣ ሜጅ ነው። መጀመሪያ ራሱን በብዙ መልክ ያባዛል። ቀስትህ ምስሉን እንጂ እሱን አያገኘውም። ቀጥሎ የፍርሃት አስማት ይለቃል፤ ሰዎችህ ትእዛዝህን ትተው በየአቅጣጫው ይበተናሉ። አንተ ጠቅ ብታደርግ ባታደርግ እነሱ ይሮጣሉ። ከዚያ በማይስት የአስማት ቀስት አንድ በአንድ ይለቅምሃል። የተማሪዋ ስድስት ነጥብ ለአንድ ዙር አልበቃችም። የልጁም 14 ከዚያ ብዙ አልቆየችም።

ልጁ ማውሱን ገፋ አድርጎ ተነሳ። «ይሄ ጌም ጠልቶኛል» ብሎ ወጣ። እህቴ ከማጀት «አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው?» ስትል «ጠንቋይ ገደለኝ» አላት። እህቴ አማትባ ወደ እኔ አየች።

መፍትሔው አንድ አይደለም፣ ደስ የሚለውም እሱ ነው። ሁለቱ የየራሳቸውን አገኙ።

ተማሪዋ ያገኘችው ዘበኞቹን ነው። ሦስተኛ ይሁን አራተኛ ስትሞክር፣ ውጊያው ሲጀመር ሜጇን ከደረጃው መልሳ ዘበኞቹ ወደቆሙበት አሮጠቻት። ዘበኞቹ ግቢያቸው ውስጥ የሚረብሽን ሰው ዝም አይሉም። ወረዱበት። እሷ ቆማ አየች። ሰው መሆን እንዲህ ነው፤ ፖሊስ ባለበት ለምን ራስህ ትደባደባለህ?

ልጁ ግን በሰው ብዛት ሄደ። ከካንድልኪፕ ሲወጣ መንገድ ላይ አንድ ነካ ያደረገው ሜጅና አጭር ጓደኛው እንቀላቀል ብለውት ነበር። ክፉዎች መሆናቸው ከንግግራቸው ያስታውቃል። ስለዚህ መጀመሪያ አባሯቸው ነበር። አሁን ከድሮ ሴቭ ተነስቶ ተቀበላቸው። ከዚያ አራቱን በተለያየ ቦታ አቆመ። ሰውዬው ጠላት ሆኖ ቀይ ክብ ሲሠራ አቆመው፤ ሁሉም በአንዴ ወረወሩ፣ ተኮሱ። ኢሞየን ስትቀላቀልህ የአስማት ቀስት የሚተኩስ ዘንግ ይዛ ነው የምትመጣው። ብዙ ጀማሪ ቦርሳዋን ከፍቶ አያየውም። ልጁ አየው። ሜጅ አስማቱን እያነበነበ ሳለ ከተመታ አስማቱ ይከሽፋል። ምስሎቹ አለቁ፣ ቀጥሎ እሱ ተመታ፣ ፍርሃቱ ከሸፈ፣ ወደቀ። ልጁ እጁን አወራጭቶ ጠረጴዛውን ነካና ቡናዬን ደፋ። ይደፋ።

ወረቀቷ ላይ የገባው፦ ከደረጃው በፊት ሴቭ አድርግ። መንገድ ላይ ያገኘሃቸውን ሰዎች አትመልስ። ተበታትነህ ቁም። ሜጅ ሲያነበንብ ምታው። ካልሆነ ወደ ዘበኞቹ ሩጥ። ይህ ከፊቱ ገጽ ግማሹን በላ፣ ይገባዋል።

አንድ ነገር ግን በቃል ነገርኳቸው። ኻሊድና ጃሂራ ማረፊያው ውስጥ ናቸው፤ ከመንገድ ካመጣሃቸው ከእነዚያ ሁለቱ ጋር ግን አይስማሙም። አብረው ካቆየሃቸው አንድ ቀን ጦር ይማዘዛሉ። ሥራቸውን ከሠሩልህ በኋላ ማንን እንደምታሰናብት አስብ።

ቅዳሜ፣ ሐይቁ ዳር

ኮምፒውተር ጥገና ያለው ጓደኛዬ አሳ ጋበዘኝ። ይህን ጌም ከእኔ በፊት የጨረሰ ሰው ነው። ወረቀቷን ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት። አነበባት፣ ገለበጣት፣ መለሰልኝ።

«ቀለበቱስ?»

ፍሬንድሊ አርም ግቢ ውስጥ መሬት ላይ የተደበቀ የሜጅ ቀለበት አለ። ናሽኬል የሚባለው ከተማ እርሻ ውስጥ ደግሞ የተቀበረ ምርጥ ጥሩር አለ፤ ገና አንደኛ ሌቭል ላይ ጋሻህን ወደ 1 ያወርደዋል። የሚያውቅ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል።

«እነዚህን ካልነገርካቸው ምኑን ምክር ሆነ?» አለኝ።

ተከራከርን፤ ቆረሶው እስኪያልቅ። የእኔ ነጥብ ይህ ነው። የት እንደተቀበረ የተነገረው ሰው ያን አንድ ጥሩር ያገኛል። እንዴት እንደሚዋጋ የተነገረው ሰው ግን ሌላውንም ራሱ ይቆፍራል። ደግሞ ማግኘት ማለት የጌሙ ግማሽ ደስታ ነው፤ በምን መብቴ እወስድባቸዋለሁ? እሱ ደግሞ ሰው ተስፋ ቆርጦ ከሚተወው ትንሽ ማጭበርበር ይሻላል ባይ ነው። ይህም እውነት አለው። አልተስማማንም። ቀለበቱ አልገባም።

ስለ ዳይስ መገለባበጥም አነሳን። ሰውህን ስትሠራ የችሎታ ነጥቦችህን ዳይስ ይወስናል፤ ካልወደድከው ያለ ገደብ ደግመህ ትጥላለህ። ጓደኛዬ ጥሩ ቁጥር እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጥላል። እኔ ጥቂት ጥዬ እሄዳለሁ። ጀማሪን የሚገድለው የነጥብ ማነስ አይደለም።

ይልቅ አንድ መስመር ከእሱ ወሰድኩ። ስድስት ሰው ሙላ የሚለውን። ጀማሪ ልምዱ ለስድስት ስለሚካፈል ብቻውን ቶሎ የሚያድግ ይመስለዋል። ስሌቱ ልክ ነው፣ ኑሮው ግን አይሆንም። ፋይተር ሁለተኛ ሌቭል ለመግባት 2000 የልምድ ነጥብ ይፈልጋል፣ ሜጅ 2500። እስከዚያ ድረስ ብቻህን ትኖራለህ ወይ ነው ጥያቄው።

ሐምሌ መጨረሻ

መሸሽ። ይህን ቃል ለልጁ ማስዋጥ ነው የከበደኝ።

ከመንገዱ ዳር ኦግር አገኙ፤ ትልቅ፣ ዱላ የያዘ። አንድ ምቱ ደካማ ሰውን ይጥላል። ልጁ ፋይተሩን ፊት ለፊት ላከ። ሞተ። እንደገና ላከ። ሞተ። «ወንድ ልጅ ይሸሻል እንዴ?» ይላል።

ጣና ላይ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ታንኳ የያዘ ሰው ወደ ዳር ይቀዝፋል። ፈሪ የሚለው የለም። ይህን ነገርኩት፤ ዝም ብሎ ሰማኝና ሄዶ ተማሪዋ ስትጫወት አየ። እሷ ጫማው ሥር እስኪደርስ አልጠበቀችም። ኢሞየንን ኦግሩ እንዲያሳድዳት አድርጋ በዛፎቹ ዙሪያ ታዞራታለች። ሌሎቹ ከሩቅ ይወጉታል። ኦግሩ ወደ አንዱ ተኳሽ ሲዞር ያ ሰው ይሮጣል፣ ኢሞየን ቆማ ትተኩሳለች። ሳይነካቸው ወደቀ፤ 270 የልምድ ነጥብ ሰጣቸው። በዚያ ደረጃ ትልቅ ገንዘብ ነው።

መጀመሪያዎቹ ሌቭሎች የቀስት ናቸው። ቀስት በአንድ ዙር ሁለቴ ይወጋል፣ ትንንሽ ተወርዋሪ ፍላጻ ሦስቴ። ሰይፍ አንዴ። ሜጅህም ቢሆን አስማቱ ሲያልቅ ወንጭፍ ወይም ፍላጻ ይወርውር እንጂ አይቁም። ለፋይተርህ ሳይቀር ቀስት ስጠው፤ ጠላት ሲደርስ ሰይፉን ይመዛል። ገባ፦ በሩቅ ጀምር፣ አንዱ ያሩጥ፣ ሌላው ይውጋ።

ያ ኦግር ሁለት ቀበቶ ይዞ ነበር። ልጁ ምንነቱ ያልታወቀውን ዕቃ ሳያስመረምር አስታጠቀው። አንደኛው የተረገመ ነው፤ የፋይተሩን ጾታ ቀየረው። ጢሙ ጠፋ። ቀበቶው አይወልቅም፤ ቤተ መቅደስ ሄደህ ከፍለህ ነው እርግማኑ የሚነሳልህ። ልጁ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ከእኛ በላይ ሳቀ። ሱቅ ውስጥ 100 ወርቅ ከፍለህ ዕቃህን ማስመርመር ይቻላል። ወረቀቷ ላይ ግን አላስገባሁትም። ማንንም አይገድልም። ሌላውም ሰው ይሳቅበት።

ነሐሴ፣ ፍልሰታ

ቤቱ ጸጥ ብሏል። እህቴ ጠዋት ጊዮርጊስ ትሄዳለች፣ ተማሪዋም አብራት። ጌም ማታ ማታ ብቻ ሆኗል።

የወረቀቷ ጀርባ የናሽኬል ማዕድን ነው። የታሪኩ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ እዚያ ነው። በአገሩ ብረት ተበላሽቷል፤ ተራ የብረት መሣሪያ ውጊያ መሀል ላይ ይሰበራል። ስለዚህ ትርፍ ሰይፍ ይዘህ ውረድ። ይህን ጌሙ ራሱ ሰዎች እያወሩ ይነግርሃል፤ ሁለቱም ግን ሰምተው ሰይፍ አልገዙም። ገባ።

ማዕድኑ ውስጥ ኮቦልድ የሚባሉ አጫጭር ፍጡሮች አሉ። አንድ ለአንድ ከንቱ ናቸው፤ አንዱን ብትገድል 7 ነጥብ ነው የምታገኘው። ሲበዙ፣ ጠባብ ዋሻ ውስጥ፣ ቀስት ይዘው ሲሆን ግን ሌላ ነው። ወደ ታች ስትወርድ የእሳት ቀስት የሚተኩሱም አሉ። ዋሻው ጠባብ ስለሆነ ሰልፍህ ይታነቃል። ከኋላ ያለው ሰው ማለፍ ያቅተዋል፣ መንገድ ፍለጋ ዞሮ ሌላ መንጋ ላይ ይወድቃል። ልጁ ሰልፉን ባለ ጋሻ ከፊት፣ ቀስተኛ ከኋላ፣ ሜጅ መሀል አድርጎ አስተካከለ። ተማሪዋ ኢሞየንን ወጥመድ ፍለጋ ላይ አድርጋ ከፊት በቀስታ አስኬደቻት። ወጥመድ ፍለጋ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሁለት እርምጃ ሄደህ ቆም። ለሚቸኩል ሰው መርዝ ነው።

ስሊፕ እዚህ ንጉሥ ነው። ከላይ እስከ ታች ያለው ኮቦልድ ሁሉ ይተኛል።

መጨረሻው ላይ ሙላሄ የሚባል ግማሽ ኦርክ ቄስ አለ። መጀመሪያ ማሩኝ ይላል። ከዚያ ኮቦልድና አጽም ይጠራብሃል። ሁለቱም እዚህ ተቸገሩ፣ ግን አልተናደዱም፤ የሚያደርጉትን ያውቃሉ። ልጁ ሰዎቹን በሙሉ ሙላሄ ላይ አስፈሰሰና አስማት እንዳያነበንብ ሳያቋርጥ ደበደበው። አጽሞቹን ዞር ብሎም አላያቸውም። ለቡሄ ዋዜማ ጨረሰ፤ በማግስቱ ከሰፈር ልጆች ጋር ሊጨፍር ወጥቶ ሙልሙል ተሸክሞ ማታ ነው የተመለሰው።

ተማሪዋ ከሙላሄ ጋር ገና ናት። ጃሂራ ሞታባት ቤተ መቅደስ ወስዳ አስነሳቻት። የሞተ ሰው በገንዘብ ይነሳል። ነገር ግን ጉዳቱ ከልክ አልፎ ከዜሮ በታች 10 ከወረደ አካሉ ይበታተናል፤ ያን የሚመልስ የለም። ስለዚህ ሰው ሊሞት ሲል ከፊት አውጣው። ይህ የመጨረሻዋ መስመር ሆነች፤ ከጀርባው ገጽ ግርጌ ላይ፣ ተጠጋግታ።

ነሐሴ ማለቂያ

ፔዳ በር ላይ ካለ ኮፒ ቤት አባዛኋት። ኮፒ የሚያደርገው ልጅ አንብቦ «ጋሼ፣ ይሄ የምን ፈተና ነው?» አለኝ። አንድ ሰጠሁት። ጥቂቱን ጓደኛዬ ሱቅ አስቀመጥኩ፤ እሱ በእርሳስ ከግርጌው «ቀለበቱን ጠይቁኝ» ብሎ ጽፎባቸዋል። ሱቁ የእሱ ነው፣ ምን እላለሁ።

አንድ መስመር ብቻ ሳልወስን ቆይቻለሁ፤ ጌሙን ማቅለል ይጻፍ አይጻፍ የሚለውን። ሴቲንግ ውስጥ የክብደት መጠን አለ። ከመካከለኛው ዝቅ ካደረግከው የሚደርስብህ ጉዳት ይቀንሳል፣ በፈለግክበት ሰዓት መልሰህ ከፍ ታደርገዋለህ። በታደሰው ላይ ታሪኩን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ጭራሽ የማትሞትበትም አለ። ጓደኛዬ «አይጻፍ፣ ሁሉም እዚያ ይተኛል» ይላል። እኔ ለማትሞትበት አልመክርም፤ ምንም ሳትማር ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ይሰለችሃል። ዝቅ ማድረጉ ግን ከሥራ ደክሞት ማታ አንድ ሰዓት ብቻ ላለው ሰው ነውር የለበትም። ተማሪዋ ከመስከረም በኋላ ሆስፒታል ልምምድ ትገባለች፤ ጊዜዋ ያ ነው።

ጻፍኩት፦ ከደከመህ ዝቅ አድርገው፣ ሲሻልህ መልሰው። ከኮፒው በኋላ ስለሆነ በእያንዳንዱ ላይ በእስክሪብቶ እየጨመርኩ ነው።